ከሰማይ የወረደው እንግዳ

ባለፈው ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከፊቴ በቆመችው ባጃጅ ጀርባ ላይ እሳት የሚተፋ ሮኬት ተለጥፎ አየሁ። ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም በተማሪነቴ እንዲህ ያለ ሮኬት ስዬ ከጓደኛዬ ጋር ተኳርፌ ነበር።

የጠፈር ሳይንስ ቡድን ነን ባዮች አራት የኮሌጅ ተማሪዎች ነበርን። ካሜራ የያዘ ሳጥን በትልቅ ፊኛ ሰማይ ልንሰድ፣ ምድርን ከላይ ፎቶ ልናነሳ! ፊኛው ሲፈነዳ ሳጥኑ በጃንጥላ ይወርዳል፤ የት እንደሚያርፍ ግን የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው። ስልካችንን ጽፈንበታል። ያገኘው ሰው ካልደወለ ልፋታችንን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈውን የቡድኑን ዓርማ የምስለው እኔ ነበርኩ። ሮኬቴን ሳሳያቸው የአጋሮዋ ፎዚያ ፊቷን አጨማደደች።

«ኧረ ባክህ! ይሄ ከሰማይ ሲወርድ ያየ ገበሬ፣ ቦምብ ነው ብሎ እግሬ አውጪኝ ነው የሚለው።»

«እና ምን ልሳል? ዶሮ?» አልኩ ተናድጄ።

«በርጩማ ሳል። ለእንግዳ መጀመሪያ የሚቀርብለት ምንድን ነው?»

አኩርፌ ሰነበትኩ። በኋላ ግን ያንን የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከዋክብት መሀል ሳልኩት። ጨረቃ ላይ ያረፈ መንኮራኩር መስሎ ቁጭ አለ፤ ራሴው ደነገጥኩ።

ፊኛውን የለቀቅነው በቡና ለቀማ ወቅት፣ ጠዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ሳጥኑን ያገኙት አባ ዱራ የሚባሉ የአጋሮ ገጠር ሽማግሌ ናቸው። ወዲያው ተነስተን ሄድን፤ መንገዱን ሁሉ የሚደርቀው ቡና ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታ ተከተለን።

«ባጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን በደህና መጣችሁ፤ ኑ ግቡ፣ ልጆቼ።»

አባ ዱራ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሰሌን ላይ ነበሩ። ሳጥናችን መሀላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«አባ፣ አልፈሩትም እንዴ?» አለች ፎዚያ።

«ፈርቼ ነበር እንጂ! ኋላ በርጩማውን አየሁ። መቀመጫ ስጡኝ የሚል እንግዳ ምኑ ያስፈራል?»

ካሜራውን ከፈትን። ጥቁር ሰማይ፣ ከሥሩ ጎበጥ ያለች ምድር፣ ጠርዟ ላይ ስስ ሰማያዊ ብርሃን። ካሜራውን ለአባ ዱራ አቀበልኳቸው።

«ሱብሐነላህ!» አሉ አባ ዱራ። ጎንበስ ብለው እያዩ፣ «የኔ ቤት የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እዚሁ ውስጥ ነው፣ አባ። ሁላችንም እዚህ ውስጥ ነን» አለቻቸው ፎዚያ።

ዛሬ ሰው ወደ ጠፈር ስለሚልከው ነገር በዜና ስሰማ እገረማለሁ፤ አልዋሽም። የዚያን ቀኑን ያህል ግን የገረመኝ የለም። አባ ዱራ ቤት የነበረው በርጩማ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሰማይ ለወረደው እንግዳ ለቀውለት ነበር።