ሸክላ ሠሪዋ ትምህርት ቤት የመጣች ዕለት

እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሳትል የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ወተት ሻጯን ትጠረጥራለች፤ ቄሰ ገበዙን ትጠረጥራለች፤ ጣሊያን ጎንደር ላይ ጥሎት የሄደውን የቧንቧ ውኃ ሳይቀር ትጠረጥራለች። ከሁሉ አብልጣ የምትጠረጥረው ግን ትምህርት ቤቴን ነበር። «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን ነው?» ትላለች። ያስገባኝ አባቴ ነው። እሱ በማኪና ሥራ ወደ ዛሪማ ወጥቶ ሲሰነብት እኔን የማስቀረቱ ሥልጣን በእሷ እጅ ይገባል። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤቱን እወደው ነበር፤ ከእሷ ዓይን የማርፈው እዚያ ብቻ ነበርና።

ያን ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ የሙዚቃና የእጅ ሥራ አስተማሪ መጣልን። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ደብተራችንን ያስዘጋና «ሰውን በወሬ አታውቁትም፤ በዜማውና በእጁ ሥራ ነው የምታውቁት» ይለናል። አንድ ዓርብ ከጭልጋ የመጡ ሽማግሌ በቅማንት ቋንቋ ዘፈኑልን፤ አንዲት ቃል ሳይገባን እያጨበጨብን ዋልን። እናቴ ይህን ስትሰማ «ዘፈን ለማስተማር ደመወዝ ይበላል? ይኼ ሰውዬ ፀረ ማርያም ሳይሆን አይቀርም» አለች።

ቀጥሎ አስተማሪው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የቤተ እስራኤል መንደር አንዲት ሸክላ ሠሪ ለጥቂት ዓርቦች እንደምትመጣ ሲነግረን ማተባችንን ጨበጥን። ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ተብለን ነው ያደግነው። ለእናቴ ባልነግራት ደስ ባለኝ፤ ግን የጎረቤት ልጅ ቀድማ ነግራት ጠበቀችኝ።

«የምንበላበት ድስት የማን ሥራ ነው?» ብዬ ሞከርኋት።

«ድስት ዓይን የለውም» አለችኝ።

ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። «ዓይኗን አትዪ። ከእጇ አትቅመሺ። ከነካችሽ ወይ ሆድሽን ከቆረጠሽ ትምህርቱ በዚያው አበቃ፤ አባትሽ ሲመጣ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሴትዮዋ መጣች። አሮጊት ጠብቄ ነበር፤ ከእናቴ በብዙ የምታንስ ወጣት ናት። ክፍል ግቢ ሲሏት እምቢ አለች፤ ከዛፉ ሥር ተቀመጠች። ጭቃውን በእጃችን አልሰጠችንም፤ መሬት ላይ እያስቀመጠች «አንሱ» ትለናለች። አንዱ ልጅ ሲጠጋት ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርጋለች። ሌባ እንደ መያዝ ነበር ለኔ። ንጹሕ ሰው ምነው እንዲህ ይሸሻል? ብዬ ከዓይኗ በቀር ሁለመናዋን ስጠብቅ ዋልሁ።

ጭቃውን በመዳፏ እያድቦለቦለች እንደ ገመድ ታረዝመዋለች፤ ከዚያ ክብ እየጠመጠመች ታቆመዋለች። በለሆሳስ ትዘፍናለች፦

አፈር ነበርሽ፣ ውኃ ቀሰቀሰሽ፤
እሳት ነው እንግዲህ ስም የሚያወጣልሽ።

ሳላውቀው አብሬ ማዜም ጀምሬ ነበር። ያኔ የምሠራት ማሰሮ ከጎኗ መዝመም ጀመረች። ሴትዮዋ ዘፈኗን ሳታቋርጥ እጇን ሰደድ አድርጋ ከነእጆቼ ደገፈቻት። ማሰሮዋ ቆመች። ዘፈኑ ግን ተቋረጠ። ሴትዮዋ እጇን መንጭቃ መዳፏን ታየው ጀመር። እኔም የራሴን አየሁ፤ ሆዴንም ወዲያው ቆረጠኝ። በቃ፣ አለቀልኝ አልሁ።

ስንለቀቅ ወደ ቤት አልሄድሁም። ከትምህርት የምቀር ከሆነ ጅቧን በዓይኔ አይቼ ልቅር ብዬ በሩቁ ተከተልኋት። መንደሯ ከአንገረብ ወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ዳር ስትደርስ ዕቃዋን አስቀመጠች፤ ዙሪያዋን አየች። አሁን ነው አልሁና ቁጥቋጦው ውስጥ ተሸሸግሁ። ሴትዮዋ ከነቀሚሷ ውኃው ውስጥ ገባችና እስከ ራሷ ተነከረች። ከዚያ ያችን የነካችኝን እጅ ደጋግማ አሸችው። ስትወጣ ያው ሴት ናት፤ ብርድ ያንቀጠቅጣታል። ከመደነቄ ብዛት ተነሥቼ ቆምሁ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አለችኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየታጠብሁ ነዋ። ከናንተ ወገን ሰው ነክቼ ሳልነጻ መንደር አልገባም።»

እኔን በመንካቷ? እኔ ነኝ እንዴ የማረክሰው? ተናደድሁ። ንዴቴ ሳይበርድ ግን ቀጠለችልኝ።

«እናቴ ማንንም አትንኪ ብላ ነው የለቀቀችኝ። ከነካሽ ሁለተኛ አትሄጂም ብላኛለች። እኔ ደግሞ መምጣቱን ወድጄው ነበር፤ ሸጋ ታዜማላችሁ።»

ንዴቴ ወዴት እንደ ገባ አላውቅም። ቀሚሷን አየሁት፤ ውኃው ይንጠባጠባል። «እናትሽ ሳታየው ይደርቃል?»

ወደ ፀሐይዋ ቀና አለች፤ ተራራው ላይ ደርሳለች። «አይደርቅም» አለችና ዕቃዋን ተሸክማ ተሻገረች።

እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ነካችሽ?»

«አልነካችኝም።»

«ሆድሽስ?»

«ደኅና ነው።» እውነትም ትቶኝ ነበር።

አላመነችኝም፤ መቼ አምናኝ ታውቃለች? አመድ ይዛ እጄን እስከ ክርኔ ፈተገችው። ውኃው ሲፈስብኝ፣ በዚያው ሰዓት ማዶ ደጅ ላይ እንደኔ ስለምትጠየቀው ሴት አሰብሁ። እኔ መዋሸት እችላለሁ። እሷ ሳትታጠብ ብትገባ ማንም አያውቅባትም ነበር።

ትምህርቴ አልቀረም። በሚቀጥለው ዓርብ ጭቃው ዛፉ ሥር ተቆልሎ፣ አስተማሪው በሩ ላይ ሲጠብቅ ዋለ። ሴትዮዋ አልመጣችም። «ገበያ ይዟት ይሆናል» አለን። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «ስለ ነቃንባት ነው» ብላ አንሾካሾከችልኝ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀሚሷ እንዳልደረቀ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።