ኢሽቤል ወደ ኋላ የነዳችው ማይል

መኪናዋ ውስጥ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው መስታወቱ ነው። ከፊት መስታወቱ አናት የተንጠለጠለው ስፖኪዮ፣ የኋላውን መንገድ ትቶ የኢሽቤልን ፊት ያያል። «ከኋላዬ ምን ጉዳይ አለኝ?» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ግን ወደ ኋላ መንዳት አትችልም።

ኢሽቤል ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሾርባ ስታማስል ኖራ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በአምስተኛው ፈተና መንጃ ፈቃድ ያገኘች ሴት ናት። ፈታኙ ያሳለፋት ችሎታዋን አይቶ ሳይሆን ስድስተኛውን ፈርቶ ነው ብላ የምታወራው ራሷ ናት። እናቷ መኪናዋን ያወረሱት ለእሷና ለወንድሟ ለፊንሌይ ነበር። «የባሕሩን ዳርቻ ብቻሽን ዞረሽ፣ ሌላ ሰው መሪሽን ሳይነካ ቤትሽ ከገባሽ፣ መኪናዋ ያንቺ» አላት ፊንሌይ። «ያለዚያ ቁልፉን ወዲህ!»

በዚያ በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ መንገዱ የሚያሳልፈው አንድ መኪና ብቻ ነው። ሁለት ሲገጣጠሙ፣ ከመንገዱ ዳር ሰፋ ላለችው ማሳለፊያ ቦታ የቀረበው ወደ ኋላ ሄዶ ይገባባታል፤ ሌላው ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ አድርጎ ያመሰግናል። ኢሽቤል ሦስት ቀን ከዚህ ግዴታ ያመለጠችው በየማሳለፊያው ገብታ እየቆመች፣ የሚመጣው ሁሉ እስኪያልፍ እየጠበቀች ነው። ሁሉም ጣቱን አነሳላት። ጨዋ ሴት ናት ሳይሉ አልቀሩም። ጨዋነት ሳይሆን ፍርሃት መሆኑን የሚያውቁት እሷና ሞተሩ ናቸው። አንድ ብስክሌተኛ ሁለት ጊዜ ቀደማት፤ በመካከሉ ምሳውን ቁጭ ብሎ በልቷል።

ቤቷ ለመድረስ ሦስት ማይል ሲቀራት ግን፣ ጎረቤቷ ሽማግሌው ሎክላን በግ የሞላ ተጎታች ይዘው መታጠፊያው ላይ ድቅን አሉባት። ተጎታች የያዘ ሰው ወደ ኋላ ሂድ አይባልም። ከኋላቸው ደግሞ አራት መኪና ተሰልፏል።

«ኢሽቤል፣ ምን ሆነሻል? ማሳለፊያዋ እኮ ከኋላሽ ናት!»

«አውቃለሁ ጋሼ። እሷ ናት እኔን የማታውቀኝ።»

«በይ ውረጂ፣ እኔ ላስገባልሽ።»

«እንዳይነኩት! መሪውን ከነኩ የፊንሌይ ሆነች ማለት ነው።»

«እንግዲያው ንጂያ! በጎቼ እዚሁ ሊያረጁ ነው?»

አንገቷን ጠምዝዛ የኋላ ማርሽ አስገባች። መኪናዋ እንደ ደነበረ ፈረስ ዘለለች። ማሳለፊያዋን ሳተቻት፤ ቀጣይዋንም። ቀጥ ብሎ መሄዱንስ ቻለችበት፤ መታጠፉ ነው ያቃታት። ሎክላን አፍንጫ ለአፍንጫ እየተከተሏት በመስኮት ይጮኻሉ።

«ያቺውልሽ! ያቺው... አለፈች።»

«ሰላም በሉልኝ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ አያያዝሽ ግላስጎው ትገቢያለሽ!»

ሳቋ መጣ። ያኔ ነው አንገቷን እንዳዞረች ባሕሩን ያየችው። ሦስት ቀን ሙሉ ዳር ዳሩን ስትዞር ከአስፋልት በቀር ያየችው ነገር አልነበረም። ውኃው ፀሐይ ተደፍቶበት ይንቀጠቀጣል፤ ደሴቶቹ እንደተኙ ላሞች ጋደም ብለዋል። «ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር እንዴ?» አለች ለራሷ። «አይ ኢሽቤል! ሰው ለመጎብኘት ይወጣል፤ አንቺ አስፋልት ቆጥረሽ ልትገቢ!»

አንድ ማይል ሙሉ እንዲህ ከሄደች በኋላ የባሕር ዳሩ መኪና ማቆሚያ ተቀበላት። ሜዳ የሚያክል ስለሆነ እሱን መሳት ኢሽቤልም አልቻለችም። መኪኖቹ ጣት እያነሱ አንድ በአንድ አለፉ። ሎክላን ቆም አሉ።

«ሃምሳ ዓመት ስነዳ ማይል ሙሉ ወደ ኋላ የሄደ ሰው አላየሁም። መሪሽን ማንም እንዳልነካው ለፊንሌይ ምስክሩ እኔ ነኝ።»

«ገና አራት ማይል ይቀረኛል እኮ ጋሼ።»

«ወደ ፊት አይደል? እሱንማ ፊንሌይም ይችለዋል።»

ሞተሩን አጠፋች። እጇ ከመሪው ላይ አልላቀቅ ብሎ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማንሳት ነበረባት። ከዚያ ቁልፉን ኪሷ ከትታ፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በአሸዋው ላይ ወደ ውኃው ሄደች።