«ጠፋ» የተባለው አባቴ

ጋሼ ደምሴ ባለፈው ኅዳር ሞቱ። ለምን እዋሻለሁ፣ ቀብራቸው ላይ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም። አርባቸው ከወጣ በኋላ ልጃቸው ሳሚ በራችንን አንኳኳና ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተራቸውን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «አባዬ ዘንድሮ አንቺ ሪድ እንድታደርጊው ነው የፈለገው» አለኝ። እኔ ይህን ደብተር ከልጅነቴ ጀምሮ እጠላዋለሁ። ዛሬም ከረጢቱን ስፈታው ያው የሰምና የድሮ ቁም ሣጥን ሽታው መጣብኝ፤ ያ ሽታ ደግሞ አሥር ዓመቴ ላይ መልሶ አስቀመጠኝ።

ልጅ እያለሁ ከእማዬ ጋር ሜልበርን፣ ኮሊንግዉድ ሰፈር ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛው ላይ እንኖር ነበር። እማዬ ላቨርተን ኖርዝ የሚባል ሰፈር፣ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ታሽጋለች፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሱዚ እዘላለሁ። ሊፍቱ ሁልጊዜ ሽንት ሽንት ይላል፣ ኮሪደሩ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። አባቴን አላስታውሰውም። ወልዴ ይባላል፤ አሰብ ላይ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ሞተሯ የቆመባት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ልትሰጥም ነው ሲባል በማዕበል ወጣ። አጥማጆቹን አተረፈ፣ እሱን ማዕበል ወሰደው፣ አስከሬኑ አልተገኘም። ከተረፉት አንዱ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ እያለቀሰ ለእማዬ ነግሯታል።

የጥበቃ ጣቢያው መዝገብ ግን ስለ አባቴ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ጠፋ» የሚል። በዚያው ወር ሦስት ባልደረቦቹ በጀልባ ወደ የመን ኮብልለው ኖሮ እነሱም «ጠፋ» ተብለው ተጽፈዋል። በቃ፣ አባቴም ከከዳተኞቹ ተቆጠረ። ድንኳን አልተተከለለትም፣ ፍትሐት አልተደረገለትም፣ እማዬም ጥቁር አልለበሰችም። ሜልበርን ድረስ መጥተን እንኳ ሴቶቹ ከኋላዋ «የጠፋው ሚስት» ይሏት ነበር። እኔ ሰምቻለሁ። ማን ማን እንዳለ ዛሬም ብትጠይቁኝ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

ቃሉ የልጅነት ጭንቅላቴን ግራ አጋብቶት ነበር። ካልሲዬ ይጠፋል፣ እማዬ ፈልጋ ከአልጋ ሥር ታወጣዋለች። ፎቁ ላይ መብራት ይጠፋል፣ ልጆች ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ተሰብስበን ስንጯጯህ ተመልሶ ይመጣል። አባቴም ጠፍቷል ካሉ ታዲያ ለምን አይመጣም? አንድ ቀን እማዬን ይህንኑ ጠየቅኳት። እጇ ላይ የነበረውን ሽንኩርት አስቀምጣ «አባትሽ ሞቷል። ሞቷል በይ» አለችኝ። አልኳት። አሁን ሳስበው፣ እንዲህ ብላ የምትነግረው ሰው ከእኔ ሌላ አልነበራትም።

በየዓመቱ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ የድሮዎቹ ባሕረኞች አልቶና ባሕር ዳርቻ ይሰበሰቡና በሥራ ላይ የሞቱ ጓዶቻቸውን ያስባሉ። ከአባቴ ጋር በአንድ ጣቢያ ያገለገሉት ጋሼ ደምሴ፣ ከመዝገቡ በእጃቸው የገለበጡትን ስም ከዚህ ደብተር ያነባሉ። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጧፍ አሸዋ ላይ ይተከላል፣ ሰዉ «ነፍሱን ይማር» ይላል። ሲያልቅ ቺፕስ ይበላል፤ የኮምጣጤውና የባሕር አረሙ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እማዬ የዕረፍት ቀኗን ሠውታ፣ በባቡር አመላልሳኝ፣ በየዓመቱ ያው ጥያቄ ትጠይቃለች።

«ጋሼ ደምሴ፣ ዘንድሮስ ስሙን ይጠሩታል?»

«አስካለ፣ የኔ እህት፣ እኔ መዝገቡ የሚለውን ነው የማነበው። የጠፋ ሰው ከሞቱት ጋር አይጠራም።»

እሷም «እሺ» ብላ ጀርባ ሄዳ ትቆማለች። ያን «እሺ» መስማት ጥርሴን ያስፋጨኝ ነበር። ትዕግሥት ብለው ስም ሲያወጡልኝ ሰዎቹ ምን እንደታያቸው አላውቅም።

አሥር ዓመት በሞላኝ ጊዜ ነፋሱ ለጉድ ነበር። ጋሼ የመጀመሪያውን ስም አነበቡ፣ ጧፉ ተተከለ፣ ሰዉ ገና ነፍሱን ይማር ብሎ ሳይጨርስ ነፋሱ እፍ አለው። እኔ ከትልልቆቹ መሐል ሹልክ ብዬ ፊታቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ የእሳቸውም ጧፍ ጠፋ! ከደብተሩ ይሰርዟቸዋላ!»

እማዬ ደርሳ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ቦታውን ዛሬም አውቀዋለሁ። ጋሼ ደብተሩን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ንዴት መሰለኝና ደስ አለኝ፣ እሰይ አልኩ በሆዴ። ስንመለስ ከባቡሩ እንደወረድን ግን እማዬ ጣቢያው አጠገብ ትልቁን ቺፕስ ገዝታ «ብዪ» ብላ ሰጠችኝ። ለራሷ አንድም አላነሳችም፣ እኔን ስትመለከት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልቶና አልሄድንም። እማዬ ከሁለት ዓመት በፊት፣ የአባቴን ስም ሳይጠሩላት ሞተች።

ሳሚ በሩ ላይ እንደቆመ የደብተሩን መጨረሻ ገለጥኩ። የጋሼ ደምሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። «ወልዴን በጣቢያው መዝገብ ጠፋ ብዬ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ሰጥሞ ጠፋ ማለቴ ነበር። አለቆቼ ከዳ ብለው ሲያነቡት ፈርቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለቱን ለመድኩት።» ከሥሩ ያለው ቀን የዚያ እሑድ ማግሥት ነው። እኔ ቁንጥጫዬን ሳሽ፣ እሳቸው ቁጭ ብለው ይህን ይጽፉ ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አሁን ነው ያየሁት፣ በማርያም! አባዬ ሼም ይዞት ይሆናል።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት? እናቴ በየዓመቱ ፊታቸው እየቆመች?»

ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ግን ግባ አላልኩትም።

ባለፈው እሑድ ትንሿን ልጄን ይዤ አልቶና ሄድኩ። ያኔ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፣ አሁን አሥራ ሁለት ናቸው፤ ግማሾቹ ወንበር ተዘርግቶላቸዋል። ጧፍ ቀርቷል። ነፋስ የማያጠፋው የባትሪ ሻማ ተገዝቷል፣ ልጄም በየስሙ «ማሚ፣ ናው?» እያለች አሸዋው ላይ ትደረድራለች። ከሁሉ አስቀድሜ «ወልዴ» አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ። «ነፍሱን ይማር» አሉ፣ ያሙን አሮጊቶች ጭምር። ከጀርባ የእማዬን ድምፅ ጠብቄ ዞር አልኩ፤ ባዶ አሸዋ ነው።

የቀሩትን አንብቤ ስጨርስ ሳሚ ዐይን ዐይኔን ያየኝ ጀመር። አባቱ ደብተሩን ለዓመታት የጠበቁ ናቸውና ስማቸውን እንድጨምርለት ይጠብቃል፤ ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። አንድ ሻማ በልጄ እጅ ቀርቷል። ደብተሩን ዘጋሁና ዝም አልኩ። እንዴት እንደሚለመድ ጋሼ ራሳቸው ጽፈውልኛል።