የምሰሶ ጉድጓዶች

ዴንማርክ የሄድኩት አባቴን ሆስፒታል ትቼ ነው። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ወሬ ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። አምቦ አርክቴክቸር ከምንማረው መካከል ስምንታችን፣ ከአንድ መምህራችን ጋር፣ የዚያን አገር ሕንፃና አኗኗር እንድናይ ለሁለት ሳምንት ተጋብዘን ነበር። አባቴ አናጢ ነው፤ በዚያ ሰሞን ልቡ ደክሞ ተኝቷል። «እቀራለሁ» ስለው ተቆጣኝ። «እኔ የትም አልሄድም። ይልቅ ሰው ቤት እንዴት እንደሚሠራ አይተህ ና» አለኝ። አምኜው ሄድኩ።

ወሩ ኅዳር ነበር። እዚያ በኅዳር አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል። ብዙዎቹ ቤቶች መጋረጃ የላቸውም። በመንገድ ስናልፍ በየመስኮቱ ሰው ይታያል፤ አንዱ ሳህን ያጥባል፣ ሌላው መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል፣ ድምፅ ግን የለም። አንድ ካፌ በር ላይ ሕፃን በጋሪ ውስጥ፣ በዚያ ብርድ፣ ብቻውን ተኝቶ አየን። መምህራችን «ልማዳቸው ነው፣ እናትየው ውስጥ ናት» አሉን። ጓደኞቼ ጡቡንና ጣሪያውን ፎቶ ሲያነሡ እኔ እናቱ እስክትወጣ ቆሜ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከሺህ ዓመት በፊት ሰው የኖረበት መንደር ወሰዱን። መንደሩ የለም፤ ባዶ ሜዳ ነው። ምሰሶዎቹ በስብሰው ካለቁ በኋላ ጉድጓዶቻቸው ተገኝተው፣ እንዲታዩ ሲሚንቶ ተሞልቶባቸዋል። አስጎብኚያችን፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየረገጡ «በሩ እዚህ ነበር፣ ሰው የሚቀመጠው እዚያ» አሉን። ቤት ሲሄድ ጉድጓዱን ይዞ አይሄድም አሉ። ነፋስ እንኳ አልነበረም፤ ሰዎቹ ገና አሁን ወጥተው የሄዱ ይመስል ነበር።

ሴትየዋ ለምሳ ቤታቸው ጋበዙን። ስንገባ መስኮቱ ላይ ሻማ፣ ጠረጴዛው ላይ ሻማ፣ መደርደሪያው ላይ ሻማ። በቀን! መብራት እንደሆን አልጠፋም። ባልና ሚስቱ ጥቁር ለብሰው ቀስ ብለው ያወራሉ። እርስ በርስ ተያየን፤ ሰው ሞቶባቸዋል። አንገታችንን ደፍተን በግድግዳው ጥግ ተደርድረን ተቀመጥን፤ ምግብ ሲቀርብም የነካ የለም። በመጨረሻ ነገር ፈጣኑ እኔ ተነሥቼ፣ በእንግሊዝኛ እንደምንም አዙሬ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ አልኩ። ባልየው ደንግጠው «ማን ሞተ?» አሉ። ማንም አልሞተም። ሻማው ክረምቱን ለማሞቅ፣ እንግዳ ለማክበር ነው፤ ጥቁሩም የዘወትር ልብሳቸው ነው። ሳቁብን፤ እኛም በሃፍረት ሳቅን።

አመሻሹ ላይ ለእናቴ ደውዬ ይህንኑ ተረኩላት። «ማንም ሳይሞትባቸው ‹እግዚአብሔር ያጥናችሁ› አልኳቸው እኮ!» ብዬ በሳቅ ፈረስኩ። እናቴ አልሳቀችም። ከኋላዋ ብዙ ሰው ያለ ይመስላል፤ ግን የሚተነፍስ የለም። «አሜን» አለች።

«አባባስ?» አልኳት።

«ተኝቷል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በደወልኩ ቁጥር አባባ ተኝቷል።

ስመለስ አጎቴ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። አዲስ ዓለም ላይ መኪናውን አቁሞ ሽሮ አዘዘልኝ፤ እሱ አልቀመሰም። «ብላ እንጂ፣ ጀባዹ» አለኝ፤ በርታ ማለቱ ነው። ለሽሮ ደግሞ ምን መበርታት ያስፈልጋል? ጉዞ ስንቀጥል «መጀመሪያ ሆስፒታል ገብቼ አባባን ልየው» ስለው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ «ነገ ጠዋት» አለ።

አምቦ ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ቀይ ሻሽ አስራ ቆማለች። ወደ እሷ ስራመድ የግቢያችንን ሣር አየሁት። በአራት ማዕዘን ተረጋግጦ ቢጫ ሆኗል። በዳርና ዳሩ ጉድጓዶች አሉ፤ አፈር በችኮላ ተመልሶባቸዋል። እግሬ ሳላዘው ከአንዱ ወደ ሌላው ረገጠ፤ ሦስት እርምጃ፣ እንደገና ሦስት እርምጃ። በሩ እዚህ ነበር። ሰው የሚቀመጠው እዚያ። የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር።

በእኛ ወግ ለመንገደኛ ማታ መርዶ አይነገርም። በልቶ ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዱታል። ሁሉም ለዚያ ተዘጋጅተዋል። በጣም ተናደድኩ፤ ይህን ሁሉ ቀን እንደ ሞኝ አታለውኛል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ሻሹን ለየሁት፤ የጎረቤታችን ነው። ጥቁሯን እንዳላይ ለአንድ ማታ ተውሳዋለች። አንጀቴን በላችኝ።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኩና ገባሁ። ያቀረቡልኝን በላሁ፤ ስለ ጡብና ስለ መስኮት አወራሁላቸው።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሲነግሩኝ የሻማው ቀን ሆኖ አገኘሁት። ሌሊት ሞቶ በዘጠኝ ሰዓት ተቀብሯል። ስደውል ድንኳኑ ሙሉ ነበር፤ ሳቄን ሁሉም ሰምቷል። አልቅሼ ሲወጣልኝ፣ እናቴን ያን ዕለት ለምን አሜን እንዳለች ጠየቅኋት።

«ታዲያ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ ብለህ እንዳትጸጸት ነዋ» አለችኝ። «የገዛ ልጄ ሲያጽናናኝ ምን ልበል?»