እናቴ ያጠረችባቸው ክረምቶች

እናቴ ረጅም ሴት ነበረች። ነቀምቴ ገበያ ስትወጣ ጃንጥላዋ ከሰው ሁሉ ጃንጥላ በላይ ይታይ ስለነበር ሰፈሩ «ዝግባዋ» ይላታል። ታላቅ እህቴ ቁመቷን ከእሷ ወሰደች። እኔ የወሰድኩት ከአባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቅሎ ላይ የሚወጣው ድንጋይ ላይ ቆሞ ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናቴና እህቴ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከፊት ይራመዳሉ፤ እኔ ከኋላ ዱብ ዱብ እላለሁ። የሁለቱ ጀርባ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ቅናትን የተማርኩት እዚያ መንገድ ላይ ነው፤ በደንብም ነው የተማርኩት።

እህቴ ቢላ ከተማ ላለ ነጋዴ ተዳረች። እኔ ከሚሲዮኑ የሴቶች ትምህርት ቤት የቀሰምኩትን ስፌት ይዤ፣ አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ ዘንድ ቀረሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ያላት ሴት በሰፈሩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ውሃ የማሞቅላት እኔ፣ እግሯን የማሽላት እኔ፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ወሬው ሁሉ «ቢላ ያለችው ልጄ» ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? መዳቧ እኔ ነበርኩ።

ማጠሯን መጀመሪያ የነገረኝ ጭቃው ነው። የነቀምቴ ጭቃ ቀይ ነው፤ ነጭ ልብስ አንዴ ከያዘ አይለቅም። አንድ ክረምት የእናቴን ቀሚስ ጫፍ ዙሪያውን ቀልቶ አገኘሁት። በሚቀጥለው ክረምት ባሰበት።

«ይሄ አቡጀዴ ሲታጠብ ይለጠጣል» አለችኝ።

አቡጀዴ ሲታጠብ ያጥራል እንጂ እንደማይረዝም እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ቀሚሱን አጥቤ አደረቅሁና ጫፉን አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፍቼ ሳጥኗ ውስጥ መለስኩት። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ የአምናውን እጥፍ እፈታለሁ፣ ትንሽ አስፍቼ እንደገና አጥፋለሁ። ጨርቁን ግን አልቆረጥኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ መቀሱን ሳነሳ እጄ እምቢ ይለኛል። ቀሚሷ ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያርፍ ነበር፤ እናቴም ረጅም ሴት እንደሆነች ትኖር ነበር።

ለመስቀል እህቴ መጣች። አንዴ መንገዱ ሲበላሽ፣ አንዴ ልጅ ሲወለድ፣ አንዴ ሱቁ ሲበዛባት፣ ሳትመጣ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር። ከጭነት መኪናው ላይ አንድ ጆንያ አንጮቴ፣ ያን የአገራችንን ሥራ ሥር፣ እና አንድ ጥቅል ይዛ ወረደች። ሲተቃቀፉ የእናቴ ፊት እህቴ ደረት ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ ጎበጥ አልሽ እንዴ?»

«ደክሞኝ ነው» አለች እናቴ።

ጥቅሉ ውስጥ ያለው ቀሚስ ነበር፤ ሸማኔ የሠራው፣ ጥልፉ እስከ ጫፉ የወረደ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ቀሚስ እኔ ሰፍቼም አላውቅ። «ልኩን በራሴ ነው ያስለካሁት» አለች እህቴ። «እኔና እማዬ እኩል አይደለንም እንዴ?»

እናቴ ለበሰችው። ጥልፉ ወለሉ ላይ ተኛ።

«አውልቂና ስጪኝ እማዬ፣ ቶሎ ላጥፈው» አልኩ። መርፌው እጄ ላይ ነበር።

«አትንኪው!»

እንደዚያ ጮሃብኝ አታውቅም። እህቴ ሳቀች። «ተያት እማዬ፣ ቅናት ነው» አለች እየቀለደች። ልክ ነበረች፤ የከነከነኝም ልክ መሆኗ ነው።

የደመራ ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ ቀሚሱን በግራ እጇ ሰብስባ ይዛ፣ በቀኟ እህቴን ይዛ ወጣች። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ነበርኩ። በራችን ላይ ጎረቤታችን አሮጊቷ ቆመዋል። «አካም ጅርቱ አዴ! አያና ጋሪ!» ብለው ደህንነቷን ጠይቀው መልካም በዓል ተመኙላት። በእኛ አገር ትልቅ ሰው በአንድ እጅ አይጨበጥም፤ ነውር ነው። እናቴ ቀሚሷን ለቀቀች፣ እህቴንም ለቀቀች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ አንድ እርምጃ ወደ አሮጊቷ ሄደችና ወደቀች። አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት። ጭራሮ ሲሰበር ከሚሰማው አይበልጥም ነበር።

የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ሐኪም ቤት አደረሷት። ድሬሰሩ፣ የሐኪሙ ረዳት፣ የዳሌዋን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አሳየን። «አጥንት ድንጋይ አይደለም» አለን። «እንደ ጭቃ ቤት ነው። ሰው በሕይወት እስካለ አንድ ጎኑ ይፈርሳል፣ አንድ ጎኑ ይመረጋል። በልጅነት መራጊው ይበረታል። ከእርጅና ጋር፣ ይልቁንም ሴት የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ፣ አፍራሹ ይቀድማል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ውስጡም እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። የጀርባቸውም አጥንት ሟሽሾ አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጧል፤ ያጠሩት ለዚህ ነው።»

«የጣላት ቀሚሱ ነው» አልኩ እህቴን እያየሁ።

«ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሳሳ ዳሌ ግን አንዳንዴ እንደቆሙም ይሰበራል። መጀመሪያ ተሰብሮ ከዚያ ወድቀውም ይሆናል።»

እህቴ ማልቀስ ጀመረች፤ በእንባዋ ውስጥ ቀለል እንዳላት አየሁ። ድሬሰሩን ጠላሁት። በዕድሜዬ እህቴን የምከስበት አንድ ነገር ባገኝ እሱን ቀማኝ።

እናቴን ወደ ቤት መልሰን አስተኛናት። ወለጋ ውስጥ አጥንት ከተሰበረ፣ ይጠግናል ይባላልና አንጮቴ መምጣቱ አይቀርም። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ቅቤ ጠጥቶ ከየቤቱ መጣ። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ በዚያው ሰሞን ክንዷ ተሰብሮ፣ አንጮቴዋን በልታ፣ ብዙ ሳትቆይ አጥር ላይ ስትወጣ አየኋት። የእናቴን አጥንት ግን የሚመርገው አልነበረም። ቢሆንም እህቴ ከቢላ ያመጣችውን በእጇ ታጎርሳታለች፤ እናቴም ለጠያቂው ሁሉ «ያቆየኝ የልጄ አንጮቴ ነው» ትላለች። ፖፖውን ይዤ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ስለ ፖፖው ለጠያቂ የሚነገር ነገር የለም።

አንድ ጠዋት ጀርባዋን እያጠብኩላት አፌ አመለጠኝ። «ያኔ እንዳጥፈው ብትተዪኝ ኖሮ ዛሬ ቆመሽ ትሄጂ ነበር» አልኳት። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች መለሰችልኝ። «በየክረምቱ ስታሳጥሪኝ የማላውቅ መስሎሻል? አውቃለሁ። ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ራሴን ትንሽ ሆኜ አገኘዋለሁ። እህትሽ ዘንድ ግን እንደ ድሮዬ ነበርኩ። አንድ ቀን እንደ ድሮዬ ልሁን ብዬ ነው የለበስኩት።»

እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ክረምት መርፌ ይዤ ስደብቅላት ኖሬ፣ እህቴ ባለማየቷ በለጠችኝ። ዓይን ያልነበረው ሰው ተመሰገነ። ጨርቁን ውሃው ውስጥ ጥዬ ወጣሁ፤ ጀርባዋን አድርቃ የጨረሰችላት እህቴ ናት።

ስመለስ እናቴ ባለጥልፉን ቀሚስ ጠየቀች። «አልብሱኝ። ለተኛ ሰው ቀሚስ አይረዝምም» አለች። እውነቷን ነው፤ አልጋው ላይ በልኳ ሆነ። ቀጥላ ሳጥኑን አስከፈተችኝ። «የሌሎቹንም እጥፍ ፍቺልኝ።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ፈታሁ፤ እህቴ ጨርቁን ወጥራ ይዛልኝ ነበር። አሮጌው አቡጀዴ ሲዘረጋ ያላሰብኩትን ነገር አየሁ። የእያንዳንዱ ክረምት ጭቃ በዚያ ዓመት እጥፍ ጫፍ ላይ ቀርቶ ኖሮ፣ ቀይ መስመር ከቀይ መስመር በላይ ተደርድሯል። እናቴ አውራ ጣቷን ዝቅተኛው መስመር ላይ አደረገች።

«ይቺ የየትኛው ክረምት ናት?»

«ጎርፉ ድልድዩን የወሰደው ክረምት።»

«ይቺስ?»

«ጣሪያው አፍስሶ አልጋሽን ወደ ጓዳ ያስገባንበት።»

«ይቺስ?»

«ወባ ይዞሽ፣ ስትነሺ በእኔ ትከሻ የተራመድሽበት።»

ጣቷ እስከ ላይኛው መስመር ወጣ፤ ሁሉንም ነገርኳት። እህቴ አንዱንም አታውቀውም፤ ጨርቁን እንደወጠረች ታየኛለች። ዓይኗ ውስጥ ያለውን ነገር አወቅሁት፤ ስንት ዘመን መስታወት ውስጥ ያየሁት ነው።

እናታችን ጥምቀት ሳይደርስ አረፈች። አርባዋ ወጥቶ እህቴ ወደ ቢላ ልትመለስ ስትል ሳጥኑን ከፍተን ተካፈልን። ጃንጥላውን ሰጠኋት፣ ኩታውን ሰጠኋት፣ ባለጥልፉን ቀሚስም አጣጥፌ ሰጠኋት። እሷ ግን ባለመስመሩን አቡጀዴ አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ይህን ስጪኝ። ሌላውን ሁሉ አንቺ ያዢው፤ ይህን ብቻ ስጪኝ» አለችኝ። ድምፅዋ የልመና ነበር።

ከእጇ ወሰድኩት።

«አይሆንም እትዬ» አልኳት። «ያንቺ እናት ረጅም ነበረች፤ ባለጥልፉን ውሰጂ። አጭሯ የእኔ ናት።»