ማጅራቴን ያሞቀው ትንፋሽ

ይቺን አንቀልባ ጣያት ትይኛለሽ፣ ልጄ፣ አንቺ ደግሞ! ቆዳዋ ተኮማትሯል፣ ማንገቻዋ ተበጥሷል፤ ልክ ነሽ። ግን እስቲ አፍንጫሽን አስጠጊ። የቅቤና የሕፃን ላብ ሽታዋ ዛሬም አለቀቃትም። ይሄ ሽታ ሲመጣብኝ ማጅራቴ ይሞቃል፤ ታናሽ ወንድሜ ተመልሶ ጀርባዬ ላይ ይወጣል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ቢቸና። እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር፤ እኔ እሱን አዝዬ ሱዚ የምዘል ቅብጥብጥ። አንድ ቀን ሲመሻሽ ድምፁ ሰለለና እንደ ቡችላ ይስል ጀመር። የሚጫወት መስሎኝ ሳቅኩበት። አየር ሲስብ ግን ጉሮሮው ሲጥ አለ፤ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ሰረጎደ፤ ሳቄም ጠፋ። እናቴ ብርድ እንዳይገባው ብላ በሩን ዘጋች፣ የግድግዳውን ሽንቁር በጨርቅ ወተፈች፣ ከነራሱ በጋቢ ጠቀለለችው። ቤቱ በኩበት ጭስ ታፈነ፤ እሱም አብሮ።

ጎረቤታችን መጥታ "እንጥሉ ወርዶ ነው! አስቆርጪው እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለቻት። ያኔ የልጅ ጉሮሮ ከታመመ እንጥል ማስቆረጥ ነበር መላው። ከእኛ በፊት የተወለደችው እህታችን ግን ተቆርጣ፣ ደሟ አልቆም ብሎ ነው የሞተችው። "ታዲያ ታፍኖ ሲሞትስ ቁጭ ብዬ ልየው?" እያለች እናቴ አለቀሰች።

ከአጥራችን ማዶ የተከራየው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሳሉን ሰምቶ መጣ። "ጉሮሮውን ምላጭ አታስነኪው። ውጭ አውጪው፣ ቀዝቃዛ አየር ይሳብ፤ ካልተሻለው ወደኔ አምጪው" አላት። ከሐረር ቆላ ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። እናቴ ሲወጣ ጠብቃ "ብርድ? ለታመመ ልጅ? ይሄ የቆላ ሰው የጎጃምን ብርድ የት ያውቀዋል!" አለች።

ጎህ ሲቀድ የሞጣን መንገድ ይዘን ወደ እንጥል ቆራጩ ቤት ሄድን። እናቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች አዛይዋ እኔው ነኝ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ፊት ይገርፋል። ጋቢው ከራሱ ላይ ይንሸራተታል፣ እናቴ እየተመለሰች ታከናንበዋለች፣ መልሶ ይንሸራተታል። እኔ ጆሮዬን ከኋላዬ አድርጌ እራመዳለሁ፤ ሲጥ ካለ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ከቆራጩ ደጃፍ ስንደርስ ሲጥታው ጠፋ።

"እማዬ! ዝም አለ!" አልኩ። መዞር ፈራሁ። ጋቢውን ስትገልጥ እጇ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ከዚያ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ መጣ፤ ሞቅ ያለ፣ ረጋ ያለ። እፎይ ብሎ ተኝቶ ኖሯል!

ቆራጩ ምላጩን ይዞ ወጣና "አምጡት እንጂ" አለ።

እናቴ የተኛውን ልጅ አየችው። ጋቢውን ጨርሳ ከላዩ ላይ አወረደችና "ይቅርብኝ አባቴ። የእህቱ ደም ይበቃኛል" አለችው። ከዚያ ጤዛ ያረጠበው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይ እስኪወጣ እኛን በዚያ ብርድ አቆየችን። "አይ፣ ይሄ የቆላ ሰው!" ትላለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ያ ጉሮሮ አድጎ መሪጌታ ሆነ፤ ዜማው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ይሰማ ነበር። አምና ሲያርፍ፣ ወንዶቹ ቃሬዛውን ሊያነሱ ሲሉ፣ እኔ ሳላውቀው ጀርባዬን ሰጥቼ ጎንበስ ብያለሁ። ሐዘን ያንበረከከኝ መስሏቸው ደገፉኝ። እኔ እኮ ላዝለው ነበር።