ከካልሲው በታች

ኢሳ ሃያ ሁለት አካባቢ መጋረጃ ይሰፋል። በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ሙያውን የለመደው እዚያው ሰፈር ነው። ደንበኞቹ አብዛኞቹ ቦሌ የሚኖሩ ናቸው፤ ቤታቸው ሄዶ መስኮት ይለካል፣ ጨርቅ ያስመርጣል፣ ሰፍቶ ይሰቅላል። በንጽሕናው የታወቀ ሰው ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ሽቶው ከሩቅ ያውዳል። ለዚህም ይሆናል ያ ነገር ሲደርስበት ለማንም መናገር ያቃተው።

ስኳር ሕመም ካለበት ቆይቷል። ሕመሙ የእግሩን ስሜት ቀስ በቀስ እንደወሰደበት ግን ልብ አላለም። ለረመዳን ዒድ የገዛው ጫማ የግራ ውስጥ እግሩን ሲልጠው አልተሰማውም፤ ያወቀው ካልሲው ረጥቦ ሲያገኘው ነው። በአልኮል ጠረገው፣ በፋሻ ጠቀለለው። ቁስሉ አልደርቅ አለ። እየሰፋ ሄደ፣ ቆይቶም መሽተት ጀመረ።

ኢሳ ካልሲ አድርጎ መተኛት ጀመረ። ሚስቱ ሀጀር ስትጠይቀው “እግሬን ይበርደኛል” አላት። ሽቶውንም ጨመረበት።

አንድ ቀን ዮሃና የምትባል ደንበኛ፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ አዲስ አፓርታማ ገብታ፣ መስኮት እንዲለካላት ጠራችው።

“ጋሽ ኢሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምንጣፉ አዲስ ስለሆነ ጫማ እያወለቅን ነው የምንገባው” አለችው በሩ ላይ።

“ወገቤን አሞኝ ማጎንበስ አልችልም፣ ልጄ። በደንብ ጠርጌዋለሁ።”

ቅር ቢላትም አስገባችው። እሱ የሳሎኑን መስኮት ሲለካ እሷ አፍንጫዋን ያዝ አደረገች።

“ምንድን ነው የሚሸተው? ይቺ ድመት አይጥ ገድላ የሆነ ቦታ ጥላ እንዳይሆን!”

ሶፋውን ገፋ አድርጋ መፈለግ ጀመረች። ኢሳ ሜትሩን አስቀመጠና አብሯት ፈለገ። ወገቤን አሞኛል ያለው ሰውዬ ተንበርክኮ ሶፋው ሥር አየ፤ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አየ። “እዚህ የለም” አላት። “እዚህም የለም።” ሲነሳ ግራ ጫማው ያረፈበት ነጭ ምንጣፍ ላይ ቢጫ እርጥበት ተመለከተ። እሷ እንዳታይ መልሶ ቆመበት። ከዚያ ያልጮኸ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ አስቸኳይ ጉዳይ እንደገጠመው ሰው እያወራ ወጣ። ዮሃና ብትደውል ብትደውል አላነሳላትም።

ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ጣለው። ሀጀር ልብሱን ልትቀይርለት ካልሲውን ስታወልቅ ቁስሉን አየችው።

“ምንድን ነው ይሄ፣ ኢሳ?”

“ሰሞኑን ነው የጀመረኝ” አለ ፊቱን አዙሮ።

ሆስፒታል ገባ። ኢንፌክሽኑ የደረሰባት ትንሿ የእግር ጣቱ ተቆረጠች፤ የቀረውም በመድኃኒት በረደ። የውስጥ እግሩ ቁስል ግን አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዲና የምትባል ወጣት ሐኪም፣ ሀጀር በተቀመጠችበት፣ አጠገቡ ወንበር ስባ ጠየቀችው።

“አቶ ኢሳ፣ ቁስሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ይሆናል?”

“ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው።”

“እንግዲያው በተለመደው ሕክምና እንቀጥላለን። አንድ ጥናት ነበረን፤ የምናስገባው ግን ለወራት አልድን ያለ ቁስል ያለበትን ሰው ብቻ ነው።”

“የምን ጥናት?” አለች ሀጀር።

“ከራሱ ከታማሚው የዳሌ አጥንት ትንሽ መቅኒ እንወስዳለን። እዚያ ውስጥ ስቴም ሴል የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ ትልቅ ሰውም ብንሆን አይጠፉብንም። አጣርተን በቁስሉ ዙሪያ በመርፌ እንሰጣቸዋለን።”

“ሥጋ ሆነው ይበቅላሉ?” አለ ኢሳ።

“ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። አብዛኞቹ ግን ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። የምንፈልገው የሚያመነጩትን ነገር ነው፤ ግሮውዝ ፋክተር እንለዋለን። በአካባቢው ላሉት ሴሎች የሚደርስ መልእክት ነው። አንዱ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ያደርጋል፤ ሌላው የቆዳ ሴሎች እንዲባዙ ያነቃቃል፤ የቁስሉን መቆጣት የሚያበርድም አለ። በቆየ ቁስል ውስጥ ይህ መልእክት ይዳከማል። በእርግጥ ይድናል ብዬ ግን ቃል አልገባም፤ ገና እየተጠና ነው።”

እውነቱን ለሐኪሟ መናገር ለኢሳ ቀላል ነበር። የከበደው ሀጀር መስማቷ ነው።

“ሁለት ሳምንት አይደለም” አለ በመጨረሻ። “ከረመዳን ዒድ ጀምሮ ነው።”

ሀጀር ቀና አለች። “መውሊድ እኮ አልፏል። አምስት ወር ሙሉ?”

“አዎ።”

“አጠገብህ እየተኛሁ?”

ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ኢሳ ከጣቱ መቆረጥ ይልቅ ያን ጀርባዋን ማየት ከበደው።

ጥናቱ ውስጥ ገባ። መቅኒው በተወሰደ ማግስት ዮሃና ብርቱካን ይዛ መጣች፤ ደውላ ሀጀርን አግኝታት ኖሯል። ስለዚያ ቀን ምንም አላነሳችም። “መጋረጃው ይቆያል ጋሽ ኢሳ፣ ብቻ ይዳኑ” አለችው። ዓይኗን ከታሰረው እግሩ ስታሸሽ፣ ያን ቀን የሸተታት ምን እንደነበር ማወቋ ገባው። አንሶላውን እስከ አገጩ ስቦ ግድግዳውን እያየ አመሰገናት።

ሴሎቹ በመርፌ ከተሰጡትም በኋላ ቁስሉ ቶሎ አልተዘጋም። መጀመሪያ ግራጫ የነበረው ሥጋ ቀላ፤ ቀጥሎ ዳርዳሩን ስስ ቆዳ ወጣ። ኢሳ በክራንች እየሄደ፣ እግሩን መሬት ሳያስነካ ወራት አሳለፈ። በመጨረሻ ቁስሉ ሲገጥም ዶክተር ዲና ደስ አላት፤ እንዲያም ሆኖ “ሴሎቹ ብቻ ናቸው ያዳኑት ማለት አልችልም። ስኳርዎም ወርዷል፣ እግርዎንም አልረገጡበትም” አለችው። ከዚያ ወደ ሀጀር ዞራ “ቢቆስል አይሰማቸውም። ውስጥ እግራቸውን በየቀኑ የሚያይላቸው ሰው ያስፈልጋል” አለች።

አሁን ሀጀር ጠዋት ጠዋት፣ ኢሳ ወደ ሱቁ ከመሄዱ በፊት፣ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃኑ ታዞረዋለች። በጣቶቹ መሃል ታያለች፤ ተረከዙን ትዳብሳለች። ኢሳ እስካሁን አልለመደውም። በኀፍረት ክንዱን ዓይኑ ላይ ጥሎ ይተኛል።

“ልታፍር የሚገባህ ያኔ ከእኔ ስትደብቅ ነበር” አለችው በቀደም። “አሁን ዝም ብለህ ዘርጋ።”

ዓይኑን ሳይገልጥ ዘረጋላት።